በሲሊካ ጄል ውስጥ ያለው ብረት ለምን ቀላ? ለተነሣው ጥያቄ መልስ

ብረት ናይትሬትን ከቴኦስ (ሲሊካው ከሚገኝበት ፈሳሽ) እና ከኤታኖል ጋር ቀላቅለው የሠሩት ጄል 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከሞቀ በኋላ ለምን እንደቀላና ማግኔት ለምን በጥቂቱ ብቻ እንደሚስበው ጠይቀዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ምድጃውን ይወቅሳሉ፤ እኔ በቤተ ሙከራ እንዳየሁት ግን ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጄሉ ሲደርቅ ነው።

ብረት ናይትሬት በውሃም በኤታኖልም በሚገባ ስለሚሟሟ፣ ጄሉ ከረጋ በኋላም ብዙው በቀዳዳዎቹ ፈሳሽ ውስጥ ይቆያል። ፈሳሹ በፍጥነት ሲተን ብረቱን እየጎተተ ወደ ገጹ ያወጣዋል። የደረቀውን ጄል ከነሳህኑ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ቀለበት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የገረጣ ቢጫ ያያሉ። ቀለበቱ ላይ ያለውን ብረት የሚያግደው የሲሊካ ግድግዳ ስለሌለ፣ ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ያድጉና ማግኔት እምብዛም ወደማይስበው ቀይ የብረት ኦክሳይድ፣ ወደ ሄማታይት፣ ይለወጣሉ። በቀዳዳ ውስጥ የታሰረው ማግሄማይት (ማግኔት በደንብ የሚስበው የብረት ኦክሳይድ) ግን ከተለመደው በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ይቋቋማል። ስለዚህ ዕቃውን ጥቂት ቀዳዳ ባለው ክዳን ሸፍነው፣ ከ50 ዲግሪ ሳያልፉ፣ ቀስ ብለው ያድርቁት።

ሶሉ (ገና ያልረጋው ፈሳሽ) ላይ ኤቲሊን ግላይኮል መጨመርም ይረዳል፤ ናይትሬቱ ግላይኮሉን ኦክሳይድ ሲያደርገው ብረቱ ከግላይኮሉ በሚገኝ ካርቦክሲሌት (የካርቦን ውህድ) ታስሮ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ በኋላ ሲሞቅም ወደ ማግሄማይት ያደላል። ይህ ምላሽ በድንገት ሙቀትና ቡናማ መርዛማ ጋዝ ስለሚለቅ፣ በጥቂት መጠን፣ ጋዝ መምጠጫ ሥር ብቻ ይሠራ።

ስለ መሳቡ ደካማነት ግን ከመደናገጥዎ በፊት ያስሉ። ንጹሕ ማግሄማይት በሙሌት (ማግኔትነቱ ከዚያ በላይ በማይጨምርበት ደረጃ) ከ75 ኢኤምዩ (የማግኔትነት መለኪያ) በግራም አይርቅም፤ ናሙናዎ በክብደት 20 በመቶ ብቻ ቢይዝ ከ15 በላይ መጠበቅ አይቻልም፣ ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ሲሆኑ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ማግሄማይትንና ማግኔታይትን (ሌላውን ማግኔት የሚስበውን የብረት ኦክሳይድ) በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ብቻ መለየት እንደማይቀል ያስታውሱ፤ የብረቱን ሁኔታ በጋማ ጨረር የሚለየው የሞስባወር ምርመራ የተሻለ ይነግርዎታል።

ኦክሳይዱን በሃይድሮጂን ወደ ንጹሕ ብረትነት ለመመለስ ካሰቡም ሙቀቱን አያብዙ፤ ብረቱ ከሲሊካው ጋር ተዋሕዶ ፋያላይት (የብረት ሲሊኬት) ይሆንብዎታል። የተገኘው ጥቃቅን ብረትም አየር ሲነካው ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ከምድጃው ከማውጣትዎ በፊት ቀዝቅዞ፣ በናይትሮጂን ውስጥ 1 በመቶ ያህል ኦክስጅን እያሳለፉበት ገጹ ቀስ ብሎ በስስ ኦክሳይድ ይሸፈን።