ታይቺና የጠዋት ጸሎት

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ ካራቴ እሠራ ነበር፤ ኑሮ ሲከብድ ተውሁት። አሁን በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ ሜዳ ማለዳ ማለዳ ታይቺ ጀምሬ የጥንቱ ፍቅሬ ተቀሰቀሰ። ጓደኛዬ «ባዕድ አምልኮ ነው» ይለኛል። እኔ ግን ልቤን ስለሚያረጋጋልኝ እንደ ጠዋት ጸሎቴ ቆጥሬዋለሁ። ተሳስቻለሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ እንቅስቃሴው አትጨነቅ። ታይቺ በቻይና የሄናን ግዛት ከቼን ቤተሰብ መንደር ጋር ስሙ የሚነሣ የፍልሚያ ጥበብ ነው፤ ብዙዎች የሚለማመዱት ባለ 24 እንቅስቃሴው ደግሞ በ1956 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ጤና ተብሎ ያጠረ ነው። ክብደትን ቀስ አድርጎ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ክንድን ከትንፋሽ ጋር ማንሣትና ማውረድ ጣዖት ማምለክ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ሰውነትን ማስለመድ «ለጥቂት ይጠቅማል» አለ እንጂ አይጠቅምም አላለም። አሠልጣኙ «ከዓለሙ ኃይል ጋር ተዋሐድ» ካለህ ግን እዚያ ላይ እምቢ በል።

እኔን ያሳሰበኝ «እንደ ጸሎቴ ቆጥሬዋለሁ» ያልኸው ነው። ይህን ከብዙ ምእመናን ሰምቻለሁ። አንዱ በእግር ጉዞ፣ ሌላው በመዝሙር ዜማ ልቡ ሲያርፍለት «ጸለይሁ» ይላል። የልብ ዕረፍት መልካም ስጦታ ነው፤ ጸሎት ግን ሰሚ አለው፤ ከእርሱ ጋር መነጋገር ነው። ሐና በመቅደሱ የጸለየችው ነፍሷ ተመርራ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለችው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ በየቤታችሁ «እግዚኦ» ያላችሁት ልባችሁ ተረጋግቶ ነበርን? መረጋጋትን መለኪያ ካደረግህ፣ ልጅህ የታመመ ዕለት፣ ሥራህ የተበላሸ ዕለት ጸሎት አጣህ ማለት ነው፤ አጥብቀህ በምትሻው ሰዓት!

ስለዚህ ታይቺውን አትተው፤ ቅደም ተከተሉን ለውጥ። መጀመሪያ የጠዋቱን ጸሎት፣ ኪዳንን፣ አድርስ፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ውጣ። ስግደትህንም በእርሱ አትተካ። በጾም ወራት ጉልበትህ ለሁለቱም አልበቃ ካለ የሚቀረው ታይቺው ይሁን። ጠዋት ተነሥተህ ልብህ አልረጋ ቢልህም እስኪረጋ አትጠብቀው፤ እንደታወከ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለህ ጀምር።