ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ኡጋንዳ ሄዳ ብትታመምስ? ለሚለው ጥያቄ

የተከበሩ እናት፣ ጥያቄዎን አነበብኩት። ልጅዎ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ ኡጋንዳ ልትሄድ ነው፤ «እዚያ ብትታመም ምን ይደረጋል? ምንስ አስይዤ ልላካት?» ብለዋል። እኔ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መምህርት ነኝ። ተማሪዎች ይዤ ካምፓላና ጂንጃ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ተማሪም ታሞብኝ አስታምሜያለሁ።

ከመድኃኒቱ ሁሉ በፊት ልጅቷ «አሞኛል» ብላ መናገር እንድትችል ያድርጓት። ልጆቻችን በይሉኝታ ያደጉ ናቸው። ጂንጃ ላይ፣ ናይል ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን ስፍራ ለማየት ጀልባ ላይ ሳለን አንድ ተማሪያችን በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ተቀምጧል። «ምነው?» ስለው «ደህና ነኝ» አለኝ። እጁን ብይዘው ያቃጥላል። ለካስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነው ያደረው፤ አብሮት የተኛውንም ልጅ «ለመምህራችን እንዳትነግር» ብሎ አስምሎታል። አባቱ ለጉዞው የከፈሉት ገንዘብ አሳስቦት፣ የጓደኞቹም ደስታ በእሱ ምክንያት እንዳይበላሽ ፈርቶ ነው። ክሊኒክ ስናደርሰው ሰውነቱ ውሃ አጥሮት ስለነበር ግሉኮስ ተተከለለት፤ ደግነቱ ቶሎ አገገመ። እኛ መምህራን ደጋግመን ብንመክርም የእናት ቃል ይበልጣል። «ገንዘቡም ይቅር፣ ጉብኝቱም ይቅር፣ ሲያምሽ ግን ወዲያው ተናገሪ» ብለው ከአፍዎ ይስማ።

የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተበች ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። እኛ ደጋ ስለምንኖር ልጆቻችን ወባን የመቋቋም አቅም የላቸውም፤ የመከላከያ ኪኒን እንዲያዝላት ሐኪም ያማክሩ። ከኪኒኖቹ አንዳንዶቹ ከተመለሱ በኋላም ለ4 ሳምንት ይወሰዳሉ፤ አገሬ ገባሁ ብላ እንዳታቋርጥ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥም አትዋኝ፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው በውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለበት።

የደም ዓይነቷ፣ የማይስማማት መድኃኒት፣ እንደ አስም ያለ ሕመም ካለባት እሱም፣ የእርስዎም ስልክ በእንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በእጅ ቦርሳዋ ይቀመጥ። ትምህርት ቤቱ የጉዞ ኢንሹራንስ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በአስተባባሪው እጅ ብቻ ሳይሆን በዚያው ወረቀት ላይም ይስፈር። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካላት ከነማሸጊያው ትያዝ። ፓራሲታሞልና ሲያስመልስ ወይም ሲያስቀምጥ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ኦአርኤስ ከሰፈራችን ፋርማሲ መግዛት ይበቃል። አንቲባዮቲክ ግን በግምት አያስይዟት።

ሌላው ሰዓት ነው። ከካምፓላ ጋር የሰዓት ልዩነት ባይኖረንም አቆጣጠሩ ይለያያል። ሐኪሙ «ጠዋት በ8 ሰዓት ዋጪ» ካላት በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሕመም ላይ ያለ ልጅ ይህን ማስላት ይከብደዋልና መድኃኒቷን የምትወስድበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጽፋ ትያዝ።

እባክዎ ይህን ደግሞ ልብ ይበሉት፦ ወባ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ትንኟ በነከሰች ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ጤነኛ ሆና ቦሌ ልትወርድና ትኩሳቱ ቤት ከገባች በኋላ ሊነሳ ይችላል። በእኛ ሰፈር ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይፎይድ ወይም ጉንፋን ነው፤ የክሊኒኩ ባለሙያም ካልነገሩት ከየት እንደመጣች አያውቅም። ካርድ ሲያወጡ ጀምሮ «ኡጋንዳ ነበረች» ይበሉ፤ የወባ የደም ምርመራ በዚያው ቀን እንዲደረግላት ይጠይቁ። ነገ ይሻላታል ብለው አይደሩ፤ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊጠና ይችላል። ምርመራው ወባ የለባትም ቢልና ትኩሳቱ ካልለቀቃት በማግስቱ ይደገምላት፤ አንድ ጊዜ ተመርምራለች ብለው ዝም አይበሉ።