አባቴ የግጥም ደብተሬን አገኘው

የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ ያለችኝ የ18 ዓመት ወጣት የጻፈችልኝን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «12ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅኩ ነው። የዘፈን ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ፣ አባቴ አካውንቲንግ ካልሆነ ብሏል። ከሒሳብ ደብተሬ ጀርባ የጻፍኳቸውን ግጥሞች ካገኘ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ውሃ አምጪ የሚለኝ እንኳ በእናቴ በኩል ነው። ዕድሜውን ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። ሁለቱንም አብሬ የምማርበት ቦታ የለም?»

የኔ እህት፣ ከቀላሉ ልጀምር። ያሬድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፣ ለመግባት የተሰጥኦ ፈተና አለው፣ ከገባሽ ደግሞ ብዙው ጊዜሽ መሣሪያና ኖታ ላይ ነው የሚያልፈው። ዜማሽን በኖታ መጻፍና ለባንድ ማቀናበር ካማረሽ ሂጂ። ግጥም ላይ ብቻ ከሆነ ልብሽ ግን አካውንቲንግ እየተማርሽም ይሆናል፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሐረማያም። ከመምረጥሽ በፊት እዚያ የሚማሩ ልጆችን ጠይቂ። የሙዚቃ ክበቡ በእርግጥ ይለማመዳል ወይስ ለበዓል ብቻ ነው የሚሰበሰበው? ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አለ? ግጥምሽን የሚሞክርልሽ ሰው ካላገኘሽ ደብተር ውስጥ ይቀራል። አሊ ቢራ እዚሁ ድሬ አፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሲጀምር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር፣ ያሳደገው አብሮት የሚጫወተው ሰው ነው።

አሁን አትቀየሚኝ። አዲስ አበባን የፈለግሽው ለሙዚቃው ነው ወይስ ከዝምታው ለመሸሽ? ለሽሽት የተመረጠ ትምህርት ሁለተኛው ዓመት ላይ ይሰለቻል፣ ስንቱን አይቻለሁ።

ስለ አባትሽ የምለው ግምት ነው። የእሱ ዘመን ሰው ምድር ባቡር መግባትን የዕድሜ ልክ እንጀራ አድርጎ ነበር የሚያየው፣ ከዚያ የድሮው ባቡር ቆመ። እንደዚያ ያለ ሰው ከሒሳብ ደብተር ጀርባ ግጥም ሲያገኝ የሚታየው ግጥሙ አይደለም፣ ሒሳቡን ጥላዋለች ነው የሚለው። ዝምታውም ከንዴት ይልቅ ፍርሃት ይመስለኛል።

ስለዚህ ፈቃድ አትለምኚው፣ ጠይቂው። ባቡሩ የቆመ ጊዜ ምን ተሰማህ በይው፣ አትከራከሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚ። ግን አቦ፣ በበርጫ ሰዓት እንዳይሆን! የምርቃና «እሺ» ማታ ላይ የለም። ጠዋት ፉሉ ሲቀርብ፣ ሙቀቱም ሳይመጣ ይሻላል። እናትሽንም ከመልእክተኛነት አሳርፊያት፣ ውሃውን ሳትጠሪ ራስሽ አቅርቢለት።

ሲያናግርሽ ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሁኚ። ግጥምም ዜማም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠበቅ የደራሲው ንብረት ነው፣ የገንዘብ መብቱ በሕይወት እስካለሽና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ብዙ ልጆች ግን ያለ ውል፣ በቃል ብቻ ለዘፋኝ ይሰጡታል። ውል አንብባ ሒሳቧን የምትይዝ ግጥም ጸሐፊ አባትሽን ታስደነግጠዋለች ብዬ አላምንም፣ አካውንቲንጉም እዚህ ላይ ይጠቅምሻል።

የግጥም ደብተርሽን ደግሞ ዛሬውኑ ከሒሳቡ ለዪው። ይሄኛው ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።