እናቱ ስትወጣ ለሚያለቅስ የ8 ወር የልጅ ልጅ

እናቱ በሩን ዘግታ ስትወጣ የልጅ ልጅዎ አልቅሶ አልባበል እንደሚልዎ ለጠየቁት፦ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱና እሷ እያለች አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ፊትዎን በጨርቅ ሸፍነው መልሰው በመግለጥ ያጫውቱት። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ ገና በመማር ላይ ስለሆነ፣ ጨዋታው ትምህርትም ይሆንለታል። እናቱም ተሹለክልካ ሳይሆን ተሰናብታው ትውጣ።

አሻንጉሊት መግዛት አያስፈልግዎትም፤ የእኔዋ የልጅ ልጅ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ባዶ ድስት በእንጨት ማንኪያ መደብደብ ነው፤ ጆሮዬ ግን አልወደደውም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የደም ግፊት ክኒኔን ኮሜዲኖ ላይ ትቼ ዘወር ከማለቴ፣ ዳዴ ብላ ደርሳ ማሸጊያውን ስታኝክ አግኝቻታለሁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቴን ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ እሷ ከመምጣቷ በፊትም ተንበርክኬ፣ በእሷ ዓይን ከፍታ ክፍሉን እቃኛለሁ።