አስከሬናቸውን ላላገኘናቸው ፍትሐት ይደረጋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በ1977ቱ ድርቅ ከወረኢሉ በሰፈራ ከሄዱት ዘመዶቻችን ብዙዎቹ በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ። በጅምላ ስለተቀበሩ አስከሬን አላገኘንም። ሙስሊሞችም አሉባቸው። ፍትሐት ይደረግላቸዋል? ሰማዕታት ማለትስ እንችላለን?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አስከሬን አለመገኘቱ ፍትሐት አያስቀርም። ካህኑ የሚፈልገው የክርስትና ስም ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ዘመድ አዝማድ የሚያውቀው የቤት ስሙን ነው። እናትየውን፣ ክርስትና ያነሱትን፣ የንስሐ አባቱን ጠይቁ። ከዚያ ደብተር አውጡና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ስጡት፦ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ የተገደለበት ቦታና ቀን። «እነ እገሌ ከነቤተሰባቸው» ተብሎ ከተጻፈ ሕፃናቱ ይጠፋሉ። የአራት ዓመት ልጅም የራሱ መስመር ይኑረው።

40 እና 80 የሚቆጠሩት ከዕለተ ሞት ነው። ቀኑ ካልታወቀ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቁረጡ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ 40ው እዚያ ላይ ከዋለ አስቀድማችሁ ካህኑን አማክሩ። ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ይበቃል። በሬ ለመጣል ብድር መግባት ግን አልደግፍም፤ ያ ገንዘብ ለተረፉት ልጆች ደብተርና ልብስ ይሁን።

ሰማዕት ብሎ የሚሰይመው ቅዱስ ሲኖዶስ ነው። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የአርመን ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆች 1915 በተጀመረው የዘር ጭፍጨፋ ላለቁት ልጆቿ መቶ ዓመት የሙታን ጸሎት ስታደርስ ኖራ፣ ቅዱሳን ብላ የሰየመቻቸው በ2015 ነው። ከዚያ ወዲህ አትጸልይላቸውም፤ ጸልዩልን ትላቸዋለች። እናንተም እስከዚያው «ነፍስ ይማር» በሉ።

ፍትሐት ለተጠመቀ ነው። ሆኖም በእኛ በወሎ ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ለቀብር ሲወጣ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ደብተሩም አይጠይቅ። የሙስሊሞቹን ስም እዚያው ጻፉ፤ ቤተሰቡ ዱዓ ሲያደርግ ሄዳችሁ ተቀመጡ።

አሁን ደግሞ ስላልጠየቅሽኝ። የወሎው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 የተረሸኑት አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ነው። ዛሬ የእኛ ፈተና ሌላ መልክ አለው፦ «የገዳዮቹ ወገን እዚህም ሱቅ አለው» የሚል ወሬ ይነሣል። ባለሱቁን ወደ ቤታችሁ አስገቡት፤ ቄሱና ሼኩ አብረው በሩ ላይ ይቁሙ፤ ወሬው በስልክ ከደረሳችሁ አታስተላልፉ። በወገኑ ብቻ የሚነካ ሰው ካለ፣ ዘመዶችሽን የገደለው ያው ኃጢአት እኛ ሰፈር ገባ ማለት ነው።

ደብተሩን ስትጽፉ በዓይን የታየውንና የተሰማውን ለዩ፤ ቁጥር አታብዙ። አንድ የተጋነነ ቁጥር ሲገኝ እውነተኛውን ስም ሁሉ ያስክዳል። የምስክሮቹን ስም ለብቻ አድርጉት፤ በሕይወት ያሉ ናቸውና። ሁለት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ የቅሬው ጸሐፊ ዘንድ።