«ወላጅህን ካላመጣህ አትገባም» እና ሌሎች የመምህራን ጥያቄዎች

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ደብዳቤው ሁሉ ከመምህራን ሆኗል። አብዛኛው ደግሞ ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ስድብ ያለባቸውንም አጽድቻለሁ።

ከኮዬ ፈጬ የጻፈልን መምህር ገና አዲስ ተመዳቢ ነው። የ4ኛ ክፍል ኃላፊ አድርገውታል። ትምህርት ቤቱ ያስረከበው የክፍል ሕግ 23 ነጥብ አለው። «ሁሉንም ልለጥፍ ወይስ ልምረጥ?» ይላል።

ወንድሜ፣ 23ቱን አንተስ በቃልህ ትወጣቸዋለህ? አራት ይበቃል፤ ግፋ ቢል አምስት። የተከለከለውን ከምትዘረዝር ልጁ ማድረግ ያለበትን ጻፍ። «መረበሽ ክልክል ነው» ብትለው ምንም አልነገርከውም። አንተ ረብሻ የምትለው ለእሱ ጨዋታ ነው። «መናገር ስንፈልግ እጅ እናወጣለን» በለው፤ ይገባዋል። ከለጠፍክ በኋላ ደግሞ አለማምዳቸው። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ግማሹ ጫጫታ የሚነሳው ደብተር ሲሰበሰብ ነው። ከየዴስኩ ጫፍ ያለው ልጅ ሰብስቦ ወደ ፊት ያሳልፍ፤ ሌላው አይነሳ። ይህን ሁለት ሦስት ቀን ደጋግመህ አሠራቸው። ቅጣቱንም አስቀድመህ ንገራቸው፣ ትንሽም ይሁን። ወረቀት የጣለ ያነሳል። የቤት ሥራ ያልሠራ ከእረፍቱ ላይ ቀንሶ ይሠራል። ዛሬ ቀጥተህ ነገ ካለፍከው ግን ሕጉ ቀረ በለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የረባሽ ስም የሚጽፍ የክፍል አለቃ አትሹም። ከዚያ ወረቀት ላይ ስም የሚሰረዘው በከረሜላ ነው።

«ያረፈደ ተማሪ 5 ብር ቢቀጣስ?» አይቻልም። የዳቦ ብሩን ነው የምትወስዱበት፤ እሱም ያረፈደው ታክሲ አጥቶ ይሆናል።

የየካ አባዶዋ መምህርት 7ኛ ክፍል ታስተምራለች። አንዱን ረባሽ ወላጅ አምጣ ትለዋለች። ልጁ ሦስት ቀን ይቀራል። በአራተኛው ቀን «አጎቴ ነው» ብሎ አንድ ጎረምሳ ይዞ ከች ይላል። አጎትየው በቁም ነገር ይቅርታ ጠይቆ፣ ልጁን በኩርኩም ብሎ ይሄዳል። ኋላ ሲጣራ የታክሲ ረዳት ሆኖ ተገኘ። «ለእንዲህ ያለ ውሸታም ምን ዓይነት ቅጣት ይመጥነዋል?» ትላለች።

እህቴ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አጎት መከራየት የቆየ የተማሪ ዘዴ ነው። ግን ልጁ ለምን ተከራየ? ቤት የሚጠብቀውን ስለሚያውቅ ነው። «ወላጅ አምጣ» በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አንደባበቅ። እኔ መምታት ተከልክያለሁ፣ አባትህ ግን አልተከለከለም ማለት ነው። አርጩሜውን በውክልና መስጠት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ዱላውን ወደ ቤት ብንልከው ጀርባው ያው የልጁ ጀርባ ነው።

ወላጅየዋንም አስቢያት። መርካቶ የምትሠራ እናት ገና ሳይነጋ ነው ከኮንዶሚኒየሙ ወጥታ አውቶቡስ የምትጠብቀው። የቀን ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ እናንተ ቢሮ ደጃፍ የቆመችበት ጠዋት የዕለት ጉርሷ ነው።

ልጁስ? ሰልፍ ከተበተነ በኋላ ወደ ትምህርት ቤታችሁ በር ውጪና እዪ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በብረቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የሚያጮልቅ አንድ ልጅ አይጠፋም። ዘበኛው «ወላጅህን ይዘህ ና» ይለዋል። እስከ ሦስት ሰዓት ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ጆተኒ ቤት ነው። ሒሳብ ያመለጠው ልጅ ሲመለስ አይገባውም። ያልገባው ደግሞ ይረብሻል። እናንተም እንደገና «ወላጅ አምጣ»።

የክፍል ጥፋት ክፍል ውስጥ ይለቅ። ቦታ ቀይሪው። ያበላሸውን ያስተካክል። ደወል ሲደወል ለብቻው አስቀሪውና አነጋግሪው፤ በጓደኞቹ ፊት ከሆነ ጀግና ነው የምታደርጊው። ወላጅ ማግኘት ካስፈለገሽ ማታ ራስሽ ደውዪ። የመጀመሪያው ስልክ ደግሞ ለበጎ ይሁን፤ «ልጅሽ ዛሬ ሰሌዳ ወጥቶ ሠራ» በያት። ሁለተኛው ስልክ ያን ያህል አያስደነግጣትም። ስለት ወይም ከባድ ድብድብ ከሆነ ግን ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ለዩኒት ሊደሩና ለርዕሰ መምህሩ አሳውቂ።

አጎቱን ለተከራየው ልጅ ደግሞ ከቅጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለሽ፦ «ቤት ማንን ፈርተህ ነው?» ገላው ላይ ሰንበር ካየሽ ነገ አትበዪ። ርዕሰ መምህሩን ይዘሽ ወረዳው ውስጥ የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ሂጂ።

አንድ አንጋፋ መምህር «እኛ ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ብለው ጽፈውልናል። ጋሼ፣ አብረውዎት ተገርፈው ትምህርቱን ጥለው የቀሩት ደብዳቤ አይጽፉልኝም።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የ2ኛ ክፍል መምህርት፦ «ስሙን ስጠራው ዞር አይልም። ሰሌዳውን ትቶ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ንቀት ስለመሰለኝ ከኋላ አስቀመጥኩት።»

ነገ ጠዋት ወደ ፊት አምጪው! የማይሰማ ልጅና የማይታዘዝ ልጅ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። እናቱን ጠይቂያት፤ ጆሮው መግል ያወጣ ነበር? ቴሌቪዥን ተጠግቶ ነው የሚያየው? መልሷ ምንም ይሁን ምን ጤና ጣቢያ ትውሰደው፤ ጆሮውም ዓይኑም ይታይ። በሚቀጥለው ሳምንት ወስዳው እንደሆነ መልሰሽ ጠይቂ። ካልወሰደችው ደግመሽ ንገሪያት። እስኪታይ ድረስ ቅጣት የሚባል ነገር የለም።

ማስቲካ የሚያኝክ ተማሪ? ይትፋው፤ በወረቀት ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ።

በመጨረሻ፣ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ የተዘጋባት መምህርት አለች። መጮኹን አቁሚ። ሁሌ የምትቆሚበት አንድ ቦታ ምረጪና እዚያ ቆመሽ ዝም በያቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እርስ በርሳቸው «እሽሽ» ይባባላሉ። ውኃ ጠጪ። ሦስት ሳምንት ካለፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው።