ከማስተማር ወደ ሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ልግባ ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምሪ 6 ዓመት ሆኖሻል። አሁን የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ የሚል ክፍት የሥራ ቦታ አይተሻል። «ሥራው በተግባር ምንድን ነው? ከክፍል ከወጣሁ ሙያዬ አይጠፋብኝም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ 7 ዓመት አስተምሬ ወደዚህ ሥራ ከገባሁ 11 ዓመት ሞላኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ሥራው መጽሐፍ መጻፍ ይመስለዋል። መጻፉ ግን የሚመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ መርሐ ትምህርቱ ይሠራል። አሁን ባለው አደረጃጀት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ነው፤ 7ኛና 8ኛ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ሠንጠረዥ ይዘረጋል። ስለ ውሃ 1ኛ ክፍል ምን ይማራሉ? 3ኛ ላይ ምን ይጨመራል? 6ኛ ሲደርሱስ? አንዱን ይዘት ሁለት ቦታ እንደደገምሽው፣ ሌላውን ጭራሽ እንደረሳሽው የሚታይሽ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዓላማ ይጻፋል። «ተማሪው ይረዳል» ብለሽ ከጻፍሽ ይመለስብሻል። መረዳቱን መምህሩ በምን ያየዋል? «ይለያል»፣ «ሠርቶ ያሳያል»፣ «በሥዕል ያመለክታል» ማለት አለብሽ። መጀመሪያ የቃላት ክርክር ይመስልሻል። ኋላ ግን ፈተናውም ሙከራውም የሚወጣው ከዚች ግሥ እንደሆነ ታያለሽ።

አንቺ ክፍሉን ስለምታውቂው አንድ ነገር ከብዙዎቻችን ትቀድሚያለሽ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ሊኖር ይችላል። ቤተ ሙከራ የለም። እኔ መጀመሪያ ከጻፍኳቸው ሙከራዎች አንዱ ዕቃ ማደሉ ብቻ 25 ደቂቃ ፈጀ። ልጆቹ ሥራውን ሳይጀምሩ ደወል ተደወለ። አሁን ሙከራ ስጽፍ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በቆርኪ፣ በክርና በጥጥ ካልተሠራ አላስገባውም። ዕቃውን ማን ያመጣል፣ ማን ያድላል፣ ማን ይሰበስባል የሚለውም የመምህሩ መምሪያ ላይ ይጻፋል።

አሁን ስለ ባቄላው ልንገርሽ። ጥያቄሽን ሳነብ ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው።

ለ3ኛ ክፍል የዘር አበቃቀል ትምህርት አዘጋጀን። ሥዕሉን የወሰድነው ከውጭ መጽሐፍ ነበር። ዘሩ አፈር ውስጥ ሥር ይሰድዳል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ክኮች (የዘሩ ሁለት ግማሾች) በግንዱ ተሸክመው ከአፈር በላይ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ቅጠል ይታያል። ከሥዕሉ በታች «ባቄላ» ብለን ጻፍን። ለሙከራ ትግበራ አንድ ትምህርት ቤት ተላከ። እኔም በሁለተኛው ሳምንት ልመለከት ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ልጆቹ በተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ባቄላ ዘርተዋል። በቅሏል፤ ያምራል። መምህርቷ «ያያችሁትን ሣሉ» አለቻቸው። አጎንብሰው ሣሉ። እየዞርኩ ደብተራቸውን አየሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለቱን ክኮች ከአፈር በላይ አድርገዋቸዋል። ጠርሙሱን አየሁ። ክኮቹ አፈር ውስጥ ናቸው። የወጣው ግንዱና ቅጠሉ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ብቻ ክኮቹን አፈር ውስጥ ሣለች። መምህርቷ መጣች፣ መጽሐፉን አየች፣ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አደረገችባት። ልጅቷ ምንም አላለችም። ላጲስ ተውሳ አጠፋችውና ከመጽሐፉ ገለበጠች።

ባቄላ ሲበቅል ክኮቹ ከአፈር አይወጡም። ከአፈር በላይ የሚያወጣቸው ቦሎቄ ነው። በውጭው መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል የቦሎቄ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚበቃ ባቄላ ብለን ተርጉመነዋል። ከመካከላችን ዘሩን ዘርቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። መምህርቷን አልወቅሳትም። መጽሐፉን አመነች፤ መጽሐፉን የጻፍነው ደግሞ እኛ ነን። ልጅቷ የሠራችው ሳይንስ ነበር፤ ቀይ ምልክቱን ያሠመርንባት እኛ ነን። ይህን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

በቀጣዩ ረቂቅ ባቄላና ቦሎቄ ጎን ለጎን እንዲዘሩ አደረግን። «ልዩነቱን ፈልጉ» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጥን። ሥዕሉን ከገጹ አውጥተን ለልጆቹ ባዶ ሳጥን ተውንላቸው። ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ መምህራን እስካሁን የሚያነሱልኝ ትምህርት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእጄ ያልሠራሁትን አልጽፍም። በዚሁ ምክንያት ሌላም ስህተት ሳይታተም ያዝን። ረቂቁ «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ያርፋል» ይል ነበር። ወሩ ግንቦት ነበር። የቢሮው ግቢ ውስጥ እንጨት ተከልኩ። ጥላው ወደ ደቡብ አረፈ። አዲስ አበባ ላይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ጥላው በጣም የሚያጥረውም ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ትንሽ አልፎ ነው። «ክረምት»ንም ተጠንቀቂ። ከውጭ ጽሑፍ በረዶና የረገፈ ቅጠል ይዞ ይመጣል፤ የእኛ ልጅ ግን ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው የሚያውቀው።

ቋንቋው ራሱን የቻለ ሥራ ነው። 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለሽ ብትጀምሪ ቃሉን ይሸመድደዋል እንጂ ነገሩን አይይዘውም። መጀመሪያ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ራሳቸው እንደሚያዘጋጁ ይወቅ። ስሙ ይደርሳል። እኔ የጻፍኩትን ለጎረቤት ልጅ ድምፅ አውጥቼ አነብለታለሁ። ግር እንዳለው ከፊቱ ሳይ ያንን አረፍተ ነገር እሰርዘዋለሁ።

ሙያዬ ይጠፋል ወይ ላልሽው፣ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጥሽ አዎ፣ ይጠፋል። እኔ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲጠፋብኝ ታውቆኛል። ሙከራዎቼ ወረቀት ላይ ብቻ የሚያምሩ ሆነው ነበር። አሁን በወር ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ፈቃድ ለምኜ ነው። ስትቀጠሪ ይህን ከመጀመሪያው ጠይቂ።

የሚከብደውንም ልንገርሽ። ጊዜ ሁልጊዜ ያጥራል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ገብታችሁ የወራት ሥራ በ10 ቀን ጨርሱ የምትባሉበት ጊዜ አለ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ባለሙያ ይዘት ይጨመር ይላል፤ መምህሩ ይቀነስ ይላል። አንቺ ከመምህሩ ጎን ቁሚ። የበዛው ይዘት መጨረሻ ላይ የሚገፋው ሙከራውን ነው። የሥዕል ባለሙያው አጠገብም ተቀመጪ። ዘሩን በእጁ ስጪው እንጂ በቃል አትንገሪው።

የቅጥር ፈተናውን በተመለከተ፣ እኔ የተፈተንኩት አንድ ዓላማ ተሰጥቶኝ የተማሪውን ገጽና የመምህሩን ገጽ እንድጽፍ ተደርጎ ነው። ሌሎችም እንዲህ ዓይነት ፈተና እንደገጠማቸው ነግረውኛል። ስለዚህ ከአሁኑ አንድ ትምህርት ጻፊ። ራስሽ አታስተምሪው። ለሌላ መምህር ስጪና አንቺ ከኋላ ተቀመጪ። ሲሳሳትም አታርሚው። የት ላይ እንደቆመ፣ ልጆቹ የት ላይ እንደተደናገሩ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊ። ማመልከቻሽን ስታስገቢ ትምህርቱንና ያንን ማስታወሻ አብረሽ አያይዢው።